ከስክሪኑ ሥር

ደሴ ነሐሴ ነው፤ ጦሳ ጉም ለብሶ ከነአናቱ ጠፍቷል፣
የቤተ መጻሕፍታችን ጣሪያ ሦስት ቦታ ያፈሳል፤
አንዱ ባልዲ ላይ፣
አንዱ ድስት ላይ፣
ሦስተኛው፣ ወላሂ፣ ከፕሪንተሩ ላይ።

ሥራዬን ሲጠይቁኝ "የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ" እላለሁ፤
እውነቱን ስናወራ ገመድ እነቅላለሁ፣ ገመድ እሰካለሁ፣
አጥፍቼ አበራለሁ።
እንቢ ያለ እንደሆን ጎኑን መታ መታ፣
ቢስሚላህ፣
ከዚያ ትንሽ ዝምታ።

ጠዋት በር ሳይከፈት ስሜ ከየጥጉ ይጠራል፤
"ጦይባ፣ ኢንተርኔቱ!" "ጦይባ፣ ወረቀት ነከሰ!"
ባርኮድ ማንበቢያው መጽሐፉን "አላውቅህም" ይላል፣
የብስኩት ልጣጭ ሲያሳዩት ግን አሟልቶ ያነባል።
ከሕፃናት ክፍል ኪቦርድ ላይ "ኤስ"ን የነቀላት ልጅ
ስሙ በሷ የሚጀምር ይመስለኛል።
ይሁንለት፣ በኪሱ ይዟት ይደር፤
እኔ በክብሪት እንጨት ጉድጓዷን እየነካሁ እጽፋለሁ።

የባሰው አንገቴ ነው።
ወንበሬ ከጤና ጣቢያ የተረፈ፣ ሦስት ተኩል እግር ያለው፤
ጠረጴዛው በማን ቁመት እንደተለካ የሠራው ይወቀው።
የደሴ ሰው ሲነጋ ቀና ብሎ ጦሳን ያያል፣
እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ።
ሐኪሙ "ስክሪንሽ ከዓይንሽ ይስተካከል፣
እግርሽም መሬት ይርገጥ" አለኝ።
"ዶክተር፣ እግሬ መሬት ከረገጠ
እጄ ኪቦርዱ ላይ አይደርስም።"
ሳቀ። ቅባት ጻፈልኝ።

እኔም ከኋላ ክፍል፣ አቧራ ከወረሳቸው፣
አራት ወፍራም መጻሕፍት፣ ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቃቸው፣
አምጥቼ ደረደርሁ፣ ስክሪኑን ከላይ ጫንሁ፤
አልሐምዱሊላህ፣ ያን ለት ቀና ብዬ ዋልሁ።

በሰኞ ገበያ ቀን ጋሽ እንድሪስ መጡ ከተሁለደሬ፣
ዣንጥላቸው ያንጠባጥባል፣ ጫማቸው ጭቃ ነው።
"የንብ መጽሐፍ አላችሁ? ንቤ ቀፎውን ጥላ እየሄደች ነው፣ ልጄ፤
ምን እንዳስቀየምኋት ባውቅ።"
ፈለግሁ። ኮምፒውተሩ "አለ" አለ፤ "መደርደሪያ አሥራ አንድ።"
ሄድን። የለም።
በሳምንቱ መጡ፤ ኮምፒውተሩ "አለ"፣ መደርደሪያው "የለም"።
በሦስተኛው ሰኞ እኔ ነበርሁ ማልቀስ የቀረኝ፣
እሳቸው "አብሽሪ" ይሉኛል፣ ንባቸው የጠፋባቸው!
ሰርቨሩን ሰደብሁ፣ ዝርዝሩን ከሀ እስከ ፐ አደስሁ፣
አዲስ አበባ ላሉት የሶፍትዌር ሰዎች በቁጣ ጻፍሁ።

እንዲህ ስናወራ መብራት ሄደ።
ስክሪኑ ጠቆረ። ዓይኔ የሚያርፍበት ቢያጣ
ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ፣
ከስክሪኑ ሥር፣ ከታች ሁለተኛው፣ በደበዘዘ ቀለም፦
ንብ።

ምን ልበል? መሬት አልተከፈተልኝም።
አወጣሁት፣ አቧራውን በሻሼ ጠረግሁ፣
ስክሪኑ አራት ጣት ወረደ፣ አንገቴም አብሮት።
ጋሽ እንድሪስ መጽሐፉን ሳይሆን እኔን አዩኝ፤
"አሁን አንቺ በምን ቀና ልትይ ነው?"
መብራት ሲመለስ መዘገብሁት።
ኮምፒውተሩ "በውሰት ላይ" አለ፤
ስለዚያ መጽሐፍ እውነት ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

መስከረም ላይ መለሱት፣ ገጹ መሐል የሰም ጠብታ አለ፣
ቅጣት አልጻፍሁም።
ከዣንጥላው ጋር አንድ የእንጨት ሣጥን ይዘዋል፣
ንብ ትታው የሄደችውን ቀፎ ቆርጠው አሳጥረው፣ ጠርዙን ሞርደው።
"ለአንገትሽ" አሉኝ። ንቧስ? ስላቸው
"ግማሿ" አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም።

አሁን ስክሪኔ ከቀፎ ላይ ነው፤ ክፍሉ ሰም ሰም ይላል።
እውነቱን ከተናገርሁ አንድ ጣት ያህል ይረዝማል፣
ሐኪሙ ቢያይ ሌላ ቅባት ይጽፋል።
ለጋሽ እንድሪስ ግን አልነግርም፤
አገጬን ትንሽ አንሥቼ እሠራለሁ፣
ጉሙ በገለጠ ቀን በመስኮቱ ጦሳ ይታየኛል።
"ጦይባ! ፕሪንተሩ!"
መጣሁ።