ሰባ አንድ ኪሎ

ሳይነጋ፣ በጥር ጨለማ፣
ከአልጋዬ ሆኜ ስሰማ፣
ጠቅ ይላል የሂልካ ሚዛን።
አጃ፦ ስልሳ ግራም። አንድ ማንኪያ ትቀንሳለች፣
እንደ ወርቅ አንጥረኛ አጎንብሳ፣ ጥቂት ፍሬ ትመልሳለች።
ደጅ፣ የኬሚያርቪ ሐይቅ ከበረዶው ስር ያጓራል፤
ውስጥ፣ በሰባ ሁለት ዓመት ገላ ላይ ጡንቻ ይዘራል።

እኔ ግንድ ለኪ ነበርሁ፤ አርባ ዓመት ጥድ መሃል ስኖር፣
ገና ሳይቆረጥ ዛፉን በዓይኔ ሰፍሬ ስናገር፣
መጋዙ አንድም ቀን አላሳፈረኝ።
አሁን ቀኝ ጎኔ ከዳኝ፤
ምላሴም ቃል ያምታታል፤ «ውሃ» ልል ስነሳ፣ ከአፌ
«መዝጊያ» ነው የሚወጣው። ይኸው ነው ከቃል ሁሉ ትርፌ።
ቁጥር ግን አልተነካም፤ በነጭ በረዶ ሜዳ ላይ
እንደ ቀበሮ ዱካ ነው፣ አንድ ባንድ ጥርት ብሎ የሚታይ።

በጥቅምት ነው የወደቅነው፤ ከመታጠቢያ ቤት ወለል
ልታነሳኝ ስትታገል፣
አርባ ስምንት ኪሎ ሚስት፣ ሰባ አንድ ኪሎ ባል፣
ጉልበቷ ተብረከረከ። ፖስተኛው እስኪደርስልን ድረስ
ጎን ለጎን ተጋድመን ጣራ አየን። መጀመሪያ ከት ብላ ሳቀች፤
ኋላ ግን ዝም አለች።
ከማዘጋጃ ቤት ሰው መጣ፤ ባለ ፎቶ ወረቀት ሰጥቶን፣
ስለ መጦሪያው ንጽሕና፣ ስለ አበባው ሁሉ ነግሮን
ሄደ። ሂልካም ወረቀቱን ለሁለት አጥፋ አየችው፣
ሚዛኗ እንዳይንሸራተት፣ ከስሩ አነጠፈችው።

ሳቱ የምትባል ልጅ ናት በጤና ጣቢያው ያሰላችላት።
«ለመኖር ብቻ ይበቃሻል አንድ ሺህ ስድስት መቶ ካሎሪ፤
ጡንቻ ግን ከትርፍ ነው የሚገዛ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ጨምሪ።
ፕሮቲን ሰማንያ ግራም፣ ለአራት ማዕድ ተካፍሎ፤
ስብ ስልሳ፤ የቀረው ለድንች፣ ለዳቦ፣ ለአጃ ተብሎ
ሁለት መቶ አርባ ሰባት።»
እኔ ከወንበሬ አባዛሁት፣ በአራት፣ በዘጠኝ፤ አካፈልሁት፤
ግማሽ ግራም ጠፍታለች! እንደ ድሮዬ ላርማት
አፌን ከፈትሁ፤ «መዝጊያ» አልኋት።
ተነስታ በሩን ዘጋችው።

ሃምሳ ዓመት ሲተርፍ ነበር የምትበላ፤ የድስት ጠርዝ፣ የዓሳ ጭራ።
ዛሬ ከሁሉ ቀድማ ትቀመጣለች፣ መጉረሷን ከሥራ ቆጥራ፤
ሦስት እንቁላል፣ ወፍራም እርጎ፣ ከሐይቁ የወጣ ዓሳ፣
ትውጣለች የመጨረሻዋን ማንኪያ፣ ሆዷ ቢያሰማ ወቀሳ።
ማክሰኞና ዓርብ ከአዳራሹ ምድር ቤት ብረት ታነሳለች፤
ማታ በቀይ እርሳስ ክብደቷን ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች፦
አርባ ስምንት ተኩል። አርባ ዘጠኝ ከሩብ።

እኔም በሆዴ ሌላ ስሌት ነበረኝ፤
ሳህኔን በግራ እጄ ስገፋ «ጠገበ» ትላለች አምናኝ።
እሷ ወደ ላይ፣ እኔ ወደ ታች፤ ከመንገድ ላይ እንገናኝ።
ሰባ። ስልሳ ዘጠኝ። ስልሳ ሰባት።
በመጋቢት ነርሷ መዝና ስትነግራት
ቃል አልተነፈሰችም። ቤት ስንገባ ነው የፈነዳችው፦
«አንተ አጭበርባሪ! ግንድ ስትለካም አጉድለህ ነበር የምትጽፍ?
ሰባ አንድ ኪሎ ላነሳ ነው እንጂ፣ ቅርፊቱን አይደለም የማቅፍ!»
ደብተሯን ገለጠች። ከሷ ገጽ ትይዩ «ታውኖ» ብላ ጻፈችበት፤
ካሎሪ፣ ፕሮቲን፣ ስብ፤ ከታች በቀይ አሰመረችበት፦
ሰባ አንድ ኪሎ።
ሳህኑንም መልሳ አቀረበችልኝ።

ሚያዝያ። የሐይቁ በረዶ ሲሰነጠቅ የሰማን ለታ፣
(ስልሳ ስምንት ደርሻለሁ፤ ሦስት ኪሎ ዕዳ አለብኝ)
ሁለት ክንዷን ከብብቴ ስር አግብታ፣
ጉልበቷን አጥፋ፣ ትንፋሿን ያዘች። እኔ በልቤ ቆጠርሁ፤
አንድ። ሁለት።
ቆምሁ።
ጉንጬ ጸጉሯ ላይ አረፈ፤ ሳሙናና የተቀቀለ እንቁላል ይሸታል።
ልላት የፈለግሁት ብዙ ነው።
«መዝጊያ» አልኋት።
ሳትለቀኝ፣ በትከሻዬ በኩል ወደ በሩ አየች፤
«ክፍት ነው» አለች። «ይሁን፣ ተወው።»