የ«ጤ» ቀለበት

ከክብሪት ቀፎ ታንሳለች፤
አራት ሽቦ አላት፦
አንዱ መብራት ያጎርሳታል፣ አንዱ መሬት ያስይዛታል፣
ሁለቱ ወሬ ያመላልሳሉ።
ጋሽ በዳሳ መዳፉ ላይ አገላበጣት፣
«የወፍጮ ቤቴን ሚዛን የምታናግር ይቺ ናት?» አለ፣
ጢሙ ዱቄት፣ ቅንድቡ ዱቄት።
«ታናግራለች» አልኩት።
ቀላል መስሎኝ።

አዳማ፣ ሚያዝያ፣ ከፍራንኮ ወረድ ብሎ፣
ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ ውሎ፣
በቁቤ «ጣፊ» ብዬ ጻፍኩ፤ ወዲያው በራች።
የቁቤ ፊደሎች ከፋብሪካ አብረዋት መጥተዋል፣
ጫማቸውን አስረው፣ ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር።
በአማርኛ «ጤፍ» ብዬ ጻፍኩ፤
ሁለት ፊደል ሰጥቻት
ስድስት ዝባዝንኬ መለሰችልኝ።

የልጄን የሂሳብ ደብተር ለመንኩ፣ ባለካሬውን።
አሥራ ስድስት ወደ ጎን፣ አሥራ ስድስት ወደ ታች፣
ለአንድ ፊደል አንድ ግቢ።
ይህ ካሬ ይብራ፣ ይህ ይጨልም፣
ይህ የ«ቆ» አናት፣ ይህ የ«ዴ» ወገብ።
እዚህ ግማሽ የሚባል ነገር የለም፤
ነጥብ ወይ በርታለች ወይ የለችም።
አንድ ብጨምር ፊደሉ ያብጣል፣
አንድ ብቀንስ ያነክሳል።

ማስታወሻዋ ጠባብ ነው፣ ገበታውን ሙሉ አያሳድርም፤
የሚፈለጉትን ብቻ ጠራሁ፦
ጤፍ። ስንዴ። በቆሎ። ገብስ። ኪሎ። ብር።
ዕቃ እንደሚዋዋስ ጎረቤት አደረግኳቸው፤
የስንዴን «ስ» ገብስ ተዋሰ፣
የገብስን «ብ» ብር ወሰደ፣
የበቆሎዋ «ሎ» ማታ ማታ ከኪሎ ጋር ታድራለች።
አሥራ አምስት ፊደል በአሥራ ሁለት ሥዕል፤
እንዲህ ቆጥቤ የቤት ኪራይ ብከፍል
የት በደረስኩ።

መጀመሪያ ሳበራቸው በጎናቸው ተኝተው አገኘኋቸው፣
ተረኛ እንዳልመጣለት ዘበኛ።
እኔ ከግራ ወደ ቀኝ ጽፌ
እሷ ከላይ ወደ ታች ታነባለች፣
ስምንት ስምንት ነጥብ እየቆረሰች።
ሁለት ሌሊት አንገታቸውን ሳቀና ነጋ፤
በሦስተኛው ቆሙ፣
ጥቁር ላይ ሰማያዊ።
ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ቅዳሜ ከሚዛኑ በላይ ተሰቀለች፤
ላይኛው መስመር በቁቤ፣ ታችኛው በፊደል።
«ለሁለቱም ቦታ ይበቃል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር ጋሽ በዳሳ።
ስልሳ አራት ነጥብ ቁመት ላላት ምን ይጠባታል!

እትዬ ዘርፌ ከነማዳበሪያዋ ደረሰች፣
መነጽሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣
ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳርፋ፣ ድምፅ አውጥታ፣
«ጠ... ፍ።»
ዝም።
«አንቺ ልጅ፣ ጠፍ መሬት ነው እንዴ ተሸክሜ የመጣሁት?»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።
ሸምሱ ከወፍጮው ሥር ዱቄት እያራገፈ መጥቶ አየ።
ጋሽ በዳሳ ወደ ላይኛው መስመር አንጋጦ
«ኧረ ጣፊ ነው የሚለው» አለ።
እሷ ግን ፈቀቅ አላለችም፦
«ኃምሷ ቀለበት አላት፣ ቀኝ እግሯ ላይ።
እኛ በስንት ኩርኩም የለየናትን!»

ደብተሬን ገለጥኩ፤ እርሳሴ ስሏታል።
ወደ ቁጥር ስገለብጣት ሦስት ቦታ ዜሮ ጽፌ
የ«ጤ»ን እግር ባዶውን ሰድጄዋለሁ።
ሦስት ዜሮ
አንድ ማሳ እህል ጠፍ አደረገ።

ማዳበሪያ ላይ ተቀምጬ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ ከፈትኩ፤
መብራት ሄደ።
ከከተማው ወዲያ፣ ኮረብታው ላይ፣ የነፋስ ተርባይኖቹ ይዞራሉ፤
እኛ ዘንድ ወፍጮው አቃስቶ ቆመ።
መስኮት የሌለው ቤት። የሰው ትንፋሽ ብቻ።
ላፕቶፔ ገና ነፍስ ነበረው፤
በአንዲት ኬብል ከራሱ ቆርሶ አጎረሳት፦

ጣፊ
ጤፍ
0 ኪሎ

ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም።
እትዬ ዘርፌ ተጠጋች፣
የ«ጤ»ን እግር በጥፍሯ ነካ አደረገች፣
«አሁን ቀለበት አሰረች» አለች፣
ማዳበሪያዋ ላይ ተቀመጠች፣
መብራት እስኪመጣ።