ሮቶው ውስጥ

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ከተማው እዚህ ጋ ያልቃል፤
ከመስኮቴ ማዶ ጤፍ ነው፣ አንድ ክሬን ዝም ብሎ ይደርቃል።

ጭኔ ላይ የተጋደመው የአሮጌ በር ጣውላ ነው፤
ዘርጋው አናጢው በነፃ፣ እየሳቀብኝ የላገው።
ስድስት ክር ወጥሬበታለሁ፤ ማግኔቱ ከሞተ ስፒከር፣
የመዳብ ሽቦው ስድስት ሺህ ዙር፤ ስቆጥር፣ ሲጠፋኝ፣ ስጀምር፣
ጾሙ ገብቶ ጾሙ ወጣ፣ እኔ ሽቦ ስጠመጥር።

ጣቶቼ አይጨብጡትም እንደሌላው ጊታር አንገት፤
ቁጥር አስራ ዘጠኝ ቡሶላ ነው ክሩ ላይ የሚንሸራተት።
ደንበር የለውም ይሄ ነገር፤ ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲሄድ
መሀል ያለውን ሁሉ ይዳስሳል፣ እንደ ሰው በጨለማ መንገድ።

መጀመሪያ ዲሌይ ሞከርኩ፤ ያልኩትን ሦስቴ መለሰልኝ፤
እንደ ሰካራም ጎረቤት አንዱን ነገር ደጋግሞ አሰለቸኝ።
ቀጥሎ በአባቴ ሬዲዮ፣ በአሮጌ ስፒከሯ አስጮህኩት፤
ወረቀቷ የተቀደደ ነው፣ ጉሮሮው ቆሰለ፤ ወደድኩት፤
በማግስቱ ስሰማው ጠላሁት።
መታጠቢያ ቤት ማይክ ሰቀልኩ፤ ሴራሚኩ ጥርስ አውጥቶ ነከሰው፤
ብርድ ልብስ ስር ቀዳሁት፤ ጉንፋን እንደያዘው ሰው።

ምን እንደምፈልግ ብትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም፤
ክሩ ዝም ካለ በኋላ የሚቀረውን ነው፤ ስም አላገኘሁለትም።

አንድ ሐሙስ ማታ ወርጄ የሮቶውን ክዳን ከፍቼ
«ዛሬም የለም ወይ?» አልኩ። ቃሌ ሸምግሎ ተመለሰ። ቆምኩ ደንግጬ።

ስፒከሩን በሲባጎ አስሬ፣ ማይኩን በካልሲ ጠቅልዬ፣
ወደ ሆዱ አወረድኳቸው፤ ሽቦውን እስከ መስኮቴ ስቤ፣ ቤቴ ገባሁ ቸኩዬ።
ወይዘሮ ስንቅነሽ ብቅ ብላ፣ «ምን አገኘህ እዚያ ውስጥ ደግሞ?»
«ድምፅ» አልኳት። «እሱን ጠጣዋ!» ጥበቃውም መጣ አዝግሞ፣
ባትሪውን ሮቶው ውስጥ አበራ፤ አየ፤
ምንም ሳይል ሄደ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በጆሮዬ ማዳመጫ
ቧንቧው ሳለ፤ አየር ተፋ፤ ከዚያ ጠብታ፣ ከዚያ ሩጫ።
ውሃው ሽቅብ ሲሞላ፣ የሮቶው ሆድ እየጠበበ፣
ወፍራም የነበረው ማስተጋባት ቀጠነ፣ ወደ ላይ ተሳበ።
ሮጬ ማይኩን ማውጣት ነበረብኝ።
አልሮጥኩም።
ቡሶላዬን ከውሃው ጋር፣ እሱ ሲወጣ እኔም ስወጣ፣
ክሩ እስኪያልቅ ሄድኩ፤ ከታች «መጣ! መጣ!»፣
ጀሪካን ሲንኳኳ፣ በር ሲከፈት፣ አንድ ሕፃን በእንቅልፉ ሲቆጣ፤
ከዚያ አንድ ትልቅ ጉርርር፤
ከዚያ ጭር።

አራት ደቂቃ ከአስራ አንድ ሰከንድ። አልቆረጥኩም፣ አልነካሁትም።
ስንቅነሽ ሰምታ፣ «ያቺ የምትጮኸው እኔ ነኝ?» አለች፤
ድገመው አለችኝ፤ ደገምኩላት።

ማይኩ ግን የውሰት ነበር።
ለእንድሪስ እስካሁን አልነገርኩትም።