ቆርጣ መጣች

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ሲገለጥ፣
በእንጨት እግር የቆመው ቤታችን በወደቡ ክሬን ድምፅ ሲናጥ፣
ልጄ ዩርላኒ ቆርጣ መጣች።
ሻርፗን አውልቃ ወንበር ሳበች፤
«እይኝ» አለች።
እኔ ግን ማየቱን ፈራሁ፤
የዓሣውን ድስት አማሰልኩ፣
ጨው ላልጎደለው ጨው ጨመርኩ።

የሃያ ዓመቱ ዞማ የለም፤
ዞማ ካሉት፣ እሳት ያቀናው፣
ሽታው ዓይን የሚያስነባ መድኃኒት ያስተኛው፣
የለም።
የወደብ ወዛደሮችን የሚላጨው ዶን ኤሊሴር
ከርክሞ፣ ጠርጎ፣ አውጥቶ ጣለው።
«ጭራውን ላስቀምጥልሽ?» ቢላት፣
«ለዓሣ አጥማጅ ስጠው፣ መረብ ይጠግንበት» አለችው።
ቆረጠች ማለት እንዲህ ነው።

የቀረው ከጣት አንጓ አይበልጥ፤
ቁንዶ በርበሬ የተዘራ ይመስል፣ ጥምዝ፣ ጥቅልል፣ ጥብቅብቅ፤
ሲስቡት ቅንድብ ድረስ ይመጣል፣
ሲለቁት እንደ ቀንድ አውጣ ቤቱ ይገባል።

እኔ ለዚህ ምን እጅ አለኝ?
እናቴ ያወረሰችኝ አንድ ሙያ ነው ያለኝ፦
የብረቱን ማበጠሪያ ፍም ላይ አግሎ፣
ምራቅ ጠብ አድርጎ፣ «ጭስስ» ሲል አዳምጦ፣
ከማጅራት ተነሥቶ ግንባር ድረስ መተኮስ።
እናቴ እኔን ተኮሰች፣ እኔ እሷን ተኮስኩ፤
ሰማዩ ከዓመት ዓመት በሚያለቅስባት በቡኤናቬንቱራ
ጠብታ እንዳይነካት ላስቲክ አከናነብኩ።

«ውሃ አምጪ» አለችኝ።
«ደረቁን እንዳትነኪው፣ ይሰበራል፤
ሚዶው ይቆይ፣ መጀመሪያ ጣትሽ ይግባ።
ተልባው ፈልቶ ቀዝቅዟል፣ ልጋጉን በጨርቅ አጥልዪው፤
የኮኮናቱ ዘይት መጨረሻ ነው፣ ውሃው እንዳይሸሽ ይክደነው።
ሳሙና በየቀኑ አይሆንም፤ ወዙን ይዞት ይሄዳል።»
ታዘዝኩ።
ድሮ እኔ ነበርኩ አዛዧ፤
«አንገትሽን አቅኚ! አታልቅሺ! ቁንጅና ያማል!» ባይዋ።

በለመደ እጄ ዘይቱን ዘረገፍኩት፣
ወገብ ለሚደርስ ፀጉር የሚበቃውን፤
በጆሮዋ ወርዶ፣ አንገቷን ተከትሎ ሸሚዟ ገባ።
ሳቀች። «እማ፣ ልትጠብሺኝ ነው?»
ለቀልድ ነው ያለችው።

ከዚያ አየሁት።
ከግራ ጆሮዋ ኋላ፣ ዞማው ሸፍኖ ያኖረው፣
የባቄላ ፍሬ የሚያህል፣ የሚያብለጨልጭ ጠባሳ ነው።
ሰባት ዓመቷ ነበር፤ የመጀመሪያ ቁርባኗ ዋዜማ፤
ነጭ ቀሚሷ ምስማር ላይ ተሰቅሎ፣
መብራት ድርግም አለ፣ እጄ ሳተ።
ቅቤ ቀባሁላት፣ ከረሜላ ሰጠኋት፤
«ለማንም አትንገሪ፣ የአበባው አክሊል ይሸፍነዋል» አልኳት።
አልተናገረችም።
እኔም ረሳሁት፤ ወይም ረሳሁ ብዬ ኖርኩ።

«ምን ሆንሽ? እጅሽ ቆመ።»
«ምንም፣ ቋጠሮ አገኘሁ» አልኩ፤
ደግሞም አልዋሸሁ።

እንዳለችው ጣቴን ላክሁ፤
ከጫፍ ወደ ሥር፣ አንድ በአንድ፣ ሳልጎትት።
ለካ ለስላሳ ነው!
እንደ ጫጩት ሆድ፣ እንደ አዲስ ባዘቶ።
እናቷ ነኝ፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ
ስተኩሰው እንጂ ስዳብሰው አላውቅም።

አሮጌ የሐር ጉርዴን ቀድጄ
ትራሷን አለበስኩ፣ ጥጥ ወዝ ይጠጣል ብላኝ።
ለዳንስ የገዛሁት ነበር፤ ጨፍሬበት አላውቅም።

ዝናቡ መጣ፤ ቆርቆሮው ተንጫጫ።
በልማዴ ላስቲኩን ፍለጋ ተነሣሁ፣
መሐል ቤት ስደርስ ተውኩት፤
እሷ በሩ ላይ ቆማ፣ አናቷን ወደ ውጭ አስግጋ፣
የሚቆጠር ነገር እንዳለ ሁሉ ጠብታውን ትቆጥራለች።

ስትመለስ አስቀመጥኳት።
በቀለበት ጣቴ ጫፍ ዘይት ነካ አድርጌ፣
ያን ጠባሳ ቀባሁት።
ፀጉር እንደማይወጣበት አውቃለሁ፤
ቢሆንም ቀባሁት።
«ጨረስሽ?» አለችኝ።
«ገና ነኝ» አልኳት።