አራተኛው በር

ስምንት በር አለ በረዥሙ መተላለፊያ፤
በየበሩ ስምንት ደቂቃ፣ በየበሩ አንድ መለኪያ።
ደወል ሲል ይገባሉ፣ ደወል ሲል ይወጣሉ፣
ሐኪም እንሁን የሚሉ፣ ገና ሐኪም ያልተባሉ።

እኔ አራተኛው በር ላይ ነኝ። ሥራዬ ማልቀስ ነው፤
በሰዓት ይከፈለኛል፤ እንባዬ ደረሰኝ አለው።
ቤር ሼቫ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ስሜ ወይዘሮ ሪቭቃ ነው፣ እስከ ማታ፣ ዊጌ እስኪነሳ ከራሴ ላይ።
የባሌ ናሙና ጠፍቷል፤ ሊነግሩኝ ይመጣሉ አንድ በአንድ፤
እኔም በቀን አሥራ አራቴ፣ እንደ አዲስ፣ እላለሁ ንድድ።

ከመጋረጃው አጠገብ ሁለት መዛኞች ተቀምጠዋል፤
አይስቁም፣ አያኮርፉም፤ ፊታቸውን በር ላይ ጥለዋል።
ጥያቄው ለሁሉም አንድ፣ ሰዓቱም ለሁሉም አንድ፤
“የማን ልጅ ነህ?” የለም፤ ዘመድ አያሻግርም በዚህ መንገድ።

ታላቅ ወንድሜ መሐሪ በድሮው ጊዜ ሲጠየቅ፣
ሦስት ፕሮፌሰር ፊት ቁጭ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሲጨነቅ፣
“ስለ ጉዞው ንገረን” አሉት፤ “በእግር ነው የመጣችሁት?”
አርባ ደቂቃ ሙሉ ሱዳንን እንደገና አስኬዱት።
ስለ በሽተኛ አንድም ቃል አልጠየቁትም።
ደብዳቤው ቀጭን ነበር፤ እስከ ዛሬ አልከፈተውም።

ስለዚህ ይህን ደወል እወደዋለሁ፣ ቢያደነቁረኝም፤
ሁሉን እኩል ያቋርጣል፤ ያቺን ከዚህኛው አይለይም።

አሥራ አንደኛዋ ስትገባ ከሰዓት በኋላ ነበር።
ሐናዲ፣ ከራሃት። ስሟን ኋላ ነው የሰማሁት፤ ያኔ ደረቷ ላይ ቁጥር።
ዕብራይስጧ እንደ እኔው፣ በሁለተኛ እጅ የተገዛ፣
ደህና ነው፣ ግን ክርኑ ላይ ትንሽ የሳሳ፣ የወዛ።
“ጠፍቷል” አለች። ቀጥታ። ከዚያ ዝም።
ሌሎቹ “ስሜትሽ ይገባኛል” ይሉኛል፤ እሷ አላለችም።
ጮህኩ። ሥራዬ ነው። ፋይሉን መሬት ላይ በተንኩ።
ጎንበስ ብላ በየተራው ደረደረችው፤
ቀጣዩ መስመር ጠፋኝ፤ በእውነት አለቀስኩ።

ደወል።

ለእኔም ከቅጹ ግርጌ አንዲት ጥያቄ ትተውልኛል፦
“ይህች ሰው ሐኪምሽ ብትሆን?” ከአንድ እስከ ሰባት ይላል።
እርሳሴ ስድስት ላይ ቆመ። ቀና ስል መዛኞቹን አየሁ፤
አንደኛዋ “የሐዘኔታ ቃል የላትም” ስትል ሰማሁ።
ስድስቴን ፋቅሁ። አራት አልኩ።
የላጲሱን ፍርፋሪ ከቀሚሴ አራገፍኩ።
አራት። መሀል ቤት። የፈሪ ቁጥር።
ለማንም የማይቆም፣ ማንንም የማይደፍር።

እንዴት እንዳለፈች እንጃ፤ ሰባት ሌላ በር አለ፤
አንዱ ዓይን የጣለውን ሌላው ዓይን ተቀበለ።

ዘጠኝ ዓመት። አባቴ ወደቀ፣ በጥር ሌሊት፣ መታጠቢያው ደፍ ላይ፤
አምስተኛ ፎቅ አስተኙት፣ መስኮቱ በረሃ በሚያይ።
ሐኪሟ ገባች፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ። አላወቀችኝም፤
ያኔ ሪቭቃ ነበርኩ፤ ፀጉሩም የኔ አልነበረም።
“ኩላሊቱ ደክሟል” አለች። ቀጥታ። ከዚያ ዝም።
አባቴ፣ ቋንቋው ያልገባው፣ ራሱን ነቀነቀላት። አልተረጎምኩም።
የተበተነ ነጠላ ጫማውን ግራና ቀኙን ገጠመች፤
ከአልጋው ሥር፣ ሲነሳ እንዲያገኘው፣ አፉን ወደ እግሩ አዞረች።

ዘንድሮ በሥልጠናው ቀን አጥኚዋ ሰንጠረዥ አምጥታ፣
የያኔውን ነጥብ ከዛሬው ሥራ ጋር አጋብታ፣
“ዝምድና አለው” አለችን፤ “ትንሽ፣ ግን ከባዶ ይሻላል።”
ነጥቦቹ እንደ ሰሊጥ ተረጭተው፣ መሀላቸው መስመር ያልፋል።
ዝምድና! ከበር የመለስነው ቃል በመስኮት ገባ ማለት ነው?
ይኸኛው ግን የደም አይደል፤ የያኔውና የዛሬው ነው።
ከመስመሩ በላይ፣ ብቻዋን፣ አንዲት ነጥብ አለች፤
“ይቺ ከተገመተላት በላይ ሠራች” ብላ አለፈች።
ማን እንደሆነች አይጻፍም። እኔም አልጠየቅሁም።

ዛሬም አራተኛው በር ላይ ነኝ። እርሳሴ ላጲስ የለውም።
ደወል። “ወይዘሮ ሪቭቃ?” ይላል አንድ ልጅ፤
ድምፁ ገና አልወጣም።