ነጂው አልተገኘም

ሞንቴቪዴዎ፣ ሐምሌ፣ ብርዱ የጉድ፤
ከወንዙ አፍ የተነሳ ንፋስ በበሩ ስንጥቅ ሲሰደድ፣
ኔሊዳ ደወለች፦ «ቶሎ ና፣ ማተሚያው ዝም ብሏል፤
ሰኞ ፈተና አለ፤ ሠላሳ ልጅ ይጠብቃል።»

ማተሚያው ጥጃ የሚያክል ብረት ነው፤
ቀለም ቀምሶ አያውቅም፤ ወረቀት ነው የሚነቅስ፣
ጣት ተራምዶበት ከፊደሉ እንዲደርስ።

አሮጌው ኮምፒውተር ቅዳሜ ሌሊት አርፎ፣
አዲሱ በቦታው ተቀምጧል፣ ከነላስቲኩ ተንሰራፎ።
ሶፍትዌሩን እንደ እህል ጆንያ ጫንኩት፤
ግማሽ መንገድ ሄዶ ተኛብኝ፤ በልምምጥ አስነሳሁት።
መስኮቱ ተከፈተ፤ ብርሃን ግን አላስገባም፤
አንዲት መስመር ብቻ፦ «ነጂው አልተገኘም።»

ነጂው የት ይገኛል? የጻፈው ሰው ሞቷል፤
ድርጅቱ ተሽጧል፤ የገዛውም ከስሯል።
ከሳጥኑ ጎን ባለው ቁጥር ብደውል፣ ፒዛ ቤት አነሳ፤
«የምን ነጂ?» አለኝ፣ «የኛው ሞተረኛ ወጥቷል ለምሳ።»

ፋኩንዶ፣ የእህቷ ልጅ፣ ባለ ፖሙን ይዞ መጣ፤
ፖሙ የተገመጠ ነው፣ ትዕቢቱ ግን አንዳች አላጣ፤
«ሠሪህ ማን እንደሆነ አላውቅም» አለው፣ «ከደጄ ውጣ!»

የትምህርት ቤቱ ደግሞ ፔንግዊን ነው፤ ደግ፣ በነፃ የሚሰጥ፤
«አንድ ፋይል ጎድሎኛል» አለኝ፤ ሄድኩ ላመጣለት ስሮጥ፤
ያ ፋይል ሌላ ፋይል ጠራ፣ ያኛው ደግሞ ወንድሙን፣
እንደ ሠርግ ጥሪ፣ አንዱን ብትል ሰባት ቤት ዘመዱን፤
ሲመሽ ድንኳኑ ሞልቷል፤
ሙሽራው ግን የለም።

ሐሙስ ነው ዲስኩን ያገኘነው፤
ለካ ኔሊዳ ዓመት ሙሉ ፔርሙዟን የምታስቀምጥበት ነው።
ተጭሯል፤ ግን ይነበባል። አዲሱን ማሽን «አሮጌ ነኝ በል» አልኩት፤
ስልሳ አራቱን ትቶ በሠላሳ ሁለት እንዲያወራ ለመንኩት፤
እሺ አለ። ነጂው ገባ። ማተሚያው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤
አንድ መስመር ነጥብ ወጋና ቆመ፣ ድርቅ።

ብልሽት ነው ብዬ ጨመደድኩ፤ ቅርጫት።
ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው መስመር፤ ቅርጫት።
ገመድ ቀየርኩ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ ቅርጫት።

ዋልዴማር፣ የእርማት ሰው፣ ከጥግ ማቴውን በቧንቧ እየመጠጠ፣
«ምንድን ነው የምትጥለው?» አለ፣ ጆሮውን ወደኔ እንደሰጠ።
«ብላሽ ነው» አልኩት።
«ብላሽ? ለማን?»
ቅርጫቱን በእግሩ ፈልጎ ሳበ፤
አንዱን ጉልበቱ ላይ አቃናና በጣቱ አነበበ፦
«ይህ ዓመት ከቁጥሬ ውጭ ነው፤ ሰዓቱን መልሱ።»
ሌላውን አነሳ፦ «ሰዓቱን መልሱ።»
አሥራ አንድ ጊዜ ነግሮኛል፤ አሥራ አንድ ጊዜ ጨመደድኩት፤
ስክሪኑ ላይ ዓይኔን ሳፈጥ፣ መልሱን ቅርጫት ከተትኩት።

መለስኩ። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት፤
ማተሚያው ነጎደ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ በረዶ እንደወረደበት።
ክፍልፋዩ፣ ሦስት ማዕዘኑ፣ ወረቀቱ እየሞቀ ወጣ፤
በየገጹ ራስ ላይ ግን ያ የድሮ ቀን አብሮ መጣ።
«ልጆቹ ሳይወለዱ ሊፈተኑ ነው!» ብላ ኔሊዳ ሳቀች።

ዋልዴማር አልሳቀም። ቀኑን ዳበሰው፤ ደግሞ ዳበሰው።
«ያን ጊዜ» አለ፣ «ታክሲ እነዳ ነበር፣ ከወደቡ እስከ ፖሲቶስ፤
ሌሊት ሌሊት፣ መብራቱ ሁሉ ወንዙ ላይ ሲፈስስ።»
ማቴውን ሞልቶ ሰጠኝ።

ስወጣ፣ ከኮምፒውተሩ ግንባር ላይ በወፍራም ብዕር ጽፌ ለጠፍኩ፦
«ሰዓቱን አትንኩ።»
«ምን ጻፍክ?» አለኝ። ነገርኩት።
«እኔስ በምን ላንብበው?»
ወረቀቱን ላጠው፤ ከኪሱ ሰሌዳና መውጊያ አውጥቶ
ከጀርባው ይወጋው ጀመር፣
ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቀስ እያለ፣ ነጥብ በነጥብ።