ምራቂ

ሌሊት ስድስት ሰዓት። መብራት የለም ሽምብጥ።
ጣና ከደንገሉ ሥር አንዳች ነገር ሲያላምጥ፣
እኔ በስልኬ ብርሃን፣ ካልጋዬ ጠርዝ ላይ፣
ዩሮ ይዣለሁ፤ ትንሽ ናት፤ ማንም እንዳያይ
ከደመወዜ ላይ ቆንጥሬ የገዛኋት፣
ለትርንጎ ያልነገርኳት።

ዋጋው አልወደቀም። እምላለሁ፣ አልወደቀም።
መስመሩ እንደ ሐይቁ ተኝቶ ነበር፤ ሞገድ የሚባል አልነበረም።
ግን መግዣው ሽቅብ፣ መሸጫው ቁልቁል፣
እንደ ጉማሬ አፍ ተበረገዱ፤ እኔ ከመሃል።
«ከዚህ በታች አልከስርም» ብዬ ያሰርኳት ገመድ
ብጥስ።
አንድ ደቂቃ አልሞላም፤ አፉ ተመልሶ ገጠመ፤
የኔ ብር ግን እዚያው ሰጠመ።

ጠዋት ወረድኩ፣ ዓሣ ወደሚራገፍበት።
አንጓች ቢላዋ ትስላለች በደረቅ ድንጋይ፣ አቀርቅራበት።
ነገርኳት። ለምን እሷን እንደመረጥኩ እንጃ።
ሳቀች፣ የዓሣ ቅርፊት የተለጠፈበት እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

«ማን ይገዛል ዓሣ በእኩለ ሌሊት?
ሁሉ ሲተኛ አንድ ሰው ነው የሚቀረው፤ አንድ ፋኖስ፣ አንድ ቅርጫት።
ያሻውን ይጠራል። ሌባ አትበለው፤
እሱም ብቻውን ሆኖ ነው፤ ዓሣው እጁ ላይ እንዳይቀር የፈራው።

ያን መኪና አየኸው? በረዶ የጫነውን?
ከደቅ የመጣው ጀልባ፣ ከዘጌም ያለው፣ ሁሉም ሲከበው ያን፣
አንዱ ሲጠራ፣ ሌላው ሲሻማ፣
ዋጋ በሃምሳ ሳንቲም ነው የሚለያይ፤ ከዚያ የበለጠ ማንም አይሰማ።
እኔ ሃያ ኪሎ ስወስድ ሃምሳዋ ሳንቲም አምስት ብር ትሆናለች።
አንተ አንዲት ቀረሶ ስትል፣ ሃያ። ባለፈችበት ሁሉ ትወፍራለች።»

ለካ ለንደን የምንለው
ሐይቅ ነው፤ ባንክ ለባንክ ሚሊዮኑን በጅምላ የሚቀባበለው።
ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ኒውዮርክ ነቅቶ ለንደን ሳይተኛ፣
ውኃው ሙሉ ነው፤ የኔ ቢጤ ባለታንኳ ብቸኛ
ጭቃ ሳይነካው ያልፋል፤ ልዩነቱ ከፀጉር ይቀጥናል።
ሌሊት ስድስት ላይ ግን፣ አንዱ ዘግቶ ሌላው ሳይከፍት፣
የጨረጨራ በር የተለቀቀ ያህል
ሐይቁ ይሸሻል። እምቦጭ ብቻ። ዘንጉ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ይቀራል።
ደላላዬም፣ ቢሮው ከየት አገር እንደሆነ የማላውቀው፣
እዚያ ጭቃ ላይ ያገኘውን ዋጋ፣ የራሱን ጨምሮበት ነው የሚልከው።

«አንቺስ ታዲያ?» አልኳት።
ቢላዋዋን አቆመች።
«እኔማ ልዩነቱ ነኝ» አለች።
«በመግዣና በመሸጫው መሃል ባለችው ክፍተት ነው ቤቴ፤
ሽባባውን ያስተማርኩት በሷ፤ በሷ ነው ራቴ።
ፀሐይ ስትበረታ መኪናው ሄዷል፤ በረዶውም ሄዷል።
ያልተሸጠችው የኔ ናት። ከኔ ላይ ማን ይገዛል?»

መልስ አልነበረኝም። አንድ ቀረሶ መረጥኩ፤
ያለችኝን ከፈልኩ።
ተቆጣች። «ተከራከር እንጂ! ገበያ አይደለም እንዴ?»
ሁለት ብር አስቀነስኩ። ደስ አላት።
ከዚያ ከሳፋው ግርጌ፣ ጣቴን የምታክል፣ ዓይኗ ያልፈዘዘ፣
አንዲት ጨመረችልኝ፤ ምራቂ።
ከሌሊቱ ሰውዬ ግን ስንት ዓመት ስገዛ
አንዲትም አላየሁ እንዲህ ያለች፣ ዋጋ ያልተጻፈባት።

ሦስት ሰዓት ሆኗል። ለንደን ገና አልነቃም።
ስልኬን አወጣሁ፤ ጣቴ ርሷል፣ ዓሣ ዓሣ ይላል፤
መስተዋቱን ነካሁት፤ አልታዘዘኝም።